ሰባት ግዳይ በጨለማ፦ የፓስፊክ የሌሊት ተዋጊ አብራሪዎች እንዴት ያድኑ ነበር?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ አብራሪዎች ሁሉ ብዙ የጠላት አውሮፕላን የጣለው ሪቻርድ ቦንግ ነው፤ 40። ከባሕር ኃይሉ ደግሞ ዴቪድ ማክካምቤል 34 ጥሏል። ሁለቱም ይህን ያደረጉት በፓስፊክ ሰማይ፣ ከጃፓኖች ጋር ገጥመው ነው። በዚያው ሰማይ «ብላክ ዊዶው» በተባለው የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን የወጡ አብራሪዎችም ነበሩ። ከእነርሱ መካከል እንደ ሻለቃ ካሮል ስሚዝ የቀናው አልነበረም። የእርሱ ቁጥር 7 ነው። ከሰባቱም ሁለቱን የጣለው በሌላ ዓይነት አውሮፕላን ሲበር ነው።

40 እና 7ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሌሊቱ ቀለል ያለ ፈረቃ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የቀኑ አብራሪ ሰማይ ሙሉ ጠላት እያየ መርጦ ይተኩሳል። የሌሊቱ አብራሪ አንድ ብቸኛ አውሮፕላን ፍለጋ ሰዓታት ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜም ባዶ እጁን ይመለሳል። አምስትና ከዚያ በላይ የጠላት አውሮፕላን በአየር ላይ የጣለ አብራሪ በአሜሪካኖች ዘንድ «ኤስ» ይባላል። በቀን ለዚህ ማዕረግ የበቁት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆን በፓስፊክ ጨለማ የበቁት ግን ጥቂት ናቸው። ለምን ጥቂት እንደሆኑ ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንቅልፍ የሚነሳው ቻርሊ

ነገሩ የጀመረው በጓዳልካናል ደሴት በ1942 ነው። ጃፓኖች ሌሊት ሌሊት አንድ ወይም ሁለት አውሮፕላን ይልካሉ። አውሮፕላኑ ከሰፈሩ በላይ እየዞረ አልፎ አልፎ ቦምብ ይጥላል። ሁለቱ ሞተሮቹ እኩል ስለማይዞሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ያጓራል። ወታደሮቹም «ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቻርሊ» የሚል ስም አወጡለት። የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ አልነበረም። ሰውን ከድንኳኑ አስነስቶ በወባ ትንኝ ከተወረረ ምሽግ ውስጥ ማሳደሩ ግን አልቀረም። ሌሊቱን በጭቃ ውስጥ ያደረ ሰው ደግሞ ጠዋት ሊዋጋ ነው።

አሜሪካኖቹ ለዚህ የሚሆን አውሮፕላን አልነበራቸውም። በ1943 ቀላል ቦምብ ጣይ የነበረውን ኤ-20 ራዳር ጭነውበት ፒ-70 ብለው ላኩት። ችግሩ ከፍታ ላይ ለመድረስ ያለው ዝግመት ነበር፤ ገና ወደ ላይ ሲፍጨረጨር ቻርሊ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ፈጣኑን ፒ-38 ደግሞ ያለ ራዳር አስወጥተው ከምድር በሚበራ የፍለጋ መብራት እንዲታገዝ ሞከሩ። አንዳንዴ ተሳካ፤ አመኔታ የሚጣልበት ግን አልነበረም።

የባሕር ኃይሉ አዛዦች መጀመሪያ ላይ ይህን የእግረኛ ወታደር ራስ ምታት አድርገው ሳይመለከቱት አልቀሩም። ከ1943 መጨረሻ ወዲህ ግን ነገሩ ወደ እነርሱ መጣ። የጃፓን ቶርፔዶ ጣዮች አመሻሽ ላይና በሌሊት ዝቅ ብለው እየበረሩ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን መምታት ጀመሩ። ኖቬምበር 20 ቀን በታራዋ አጠገብ ኢንዲፔንደንስ ተመታች። ዲሴምበር 4 ቀን ሌክሲንግተን፣ በፌብሩዋሪ 1944 ደግሞ በትሩክ አካባቢ ኢንትሬፒድ ተከተለች። የቀን ተዋጊዎቹ በመርከቡ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሰማዩ ግን ሲጨልም ባለቤት የለውም።

የገደል ማሚቶ

መፍትሔው ራዳር ነበር፤ ራዳር ሁሉ ግን አንድ አይደለም።

ከገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ እረኛ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ አስተውሎ ገደሉ ቅርብ ይሁን ሩቅ መገመት ይችላል። ራዳርም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ አውሮፕላን ነጥሮ ለመመለስ የሚፈጅበት የሰከንድ ሚሊዮንኛ 53 እጅ ብቻ ነው። መሣሪያው ያንን ቅንጣት ጊዜ ለክቶ በመስታወት ላይ ነጥብ አድርጎ ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ የአውሮፕላን ራዳሮች የሚልኩት ሞገድ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ በአውሮፕላን ላይ በሚገጠም ትንሽ አንቴና ተሰብስቦ አይሄድም፤ እንደ ኩራዝ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። ወደ ታች የተበተነው መሬት ነክቶ ይመለስና ሌላውን ማሚቶ ሁሉ ይውጠዋል። በዚህም የተነሳ በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚበር ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ርቆ ያለውን ጠላት ማየት አይችልም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይታወራል። ጃፓኖቹ ቶርፔዶ ጣዮች ደግሞ የሚመጡት ውኃውን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1940 መጀመሪያ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የሠሩት መሣሪያ ነው፤ ማግኔትሮን ይባላል። በእጅ የሚያዝ፣ መሐሉ የተቦረቦረ የመዳብ ቁራጭ ነው። በዘመኑ ታይቶ በማይታወቅ ኃይል 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ማመንጨት ቻለ። አጭር ሞገድ ደግሞ እንደ ባትሪ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ይሄዳል። እንግሊዞቹ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ማግኔትሮኑን ለአሜሪካኖች ወስደው አሳዩ። ማሳቹሴትስ ውስጥ በኤም አይ ቲ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመው ራዲዬሽን ላቦራቶሪ ሥራውን ተቀብሎ ሞገዱን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አወረደው። በአነስተኛዎቹ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊዎች፣ በኮርሴርና በሄልካት ቀኝ ክንፍ ላይ እንደ ቅል ያበጠው ነገር ያ ራዳር ነው።

ነጥቡ ክንፍ ሲያወጣ

አንድ አደን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚመስል እንመልከት።

በመርከብ ወይም በደሴት ላይ ያለው ትልቁ ራዳር ጠላትን ከሩቅ ያያል። አንድ መኮንን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሁለቱን አውሮፕላኖች መንገድ ሰሌዳ ላይ ይከታተላል። ማንነቱ ያልታወቀው «ቦጊ» ይባላል። መኮንኑ በሬዲዮ አቅጣጫ፣ ከፍታና ፍጥነት እየነገረ የራሱን አብራሪ ከቦጊው ጀርባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ ሊረዳው አይችልም፤ ትልቁ ራዳር ሩቅ ያያል እንጂ አጥርቶ አያይም።

አሁን ተራው የአውሮፕላኑ ራዳር ነው። በሄልካት ውስጥ አብራሪው ብቻውን ነው። አውሮፕላኑን በመሣሪያ ንባብ እያበረረ፣ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ክብ መስታወት እያነበበ፣ ሬዲዮውንም ያዳምጣል። መስታወቷ ላይ ሁለት ነጥቦች ይታያሉ። አንዱ ዒላማው በስተግራ ይሁን በስተቀኝ፣ ምን ያህልም እንደራቀ ይናገራል። ከጎኑ ያለው ጥላ ነጥብ ከእርሱ ከፍ ካለ ጠላት ከላይ ነው፤ ዝቅ ካለ ከታች ነው። ሲቀርብ ማሳያው ይቀየራል። ነጥቡ በግራና በቀኙ መስመር ያበቅላል፤ በቀረበ ቁጥር መስመሮቹ ይረዝማሉ። ጨለማው ውስጥ ያለው አውሮፕላን መስታወቱ ላይ ክንፍ የሚያወጣ ይመስላል።

ይህም ሆኖ መተኮስ አይፈቀድም። ራዳር ወዳጅን ከጠላት አይለይም። «ወዳጅ ነኝ» የሚል ምልክት የሚልክ መሣሪያ ነበር፤ ግን ይበላሻል፣ አብራሪውም ማብራቱን ይረሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የሰው ዓይን ነው። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አብራሪዎቹም ከመነሳታቸው በፊት ቀይ መነጽር አድርገው ይቀመጡ ነበር። ቀይ ብርሃን ለጨለማ የሚያገለግለውን የዓይን ክፍል አይረብሸውም። ሌላም ዘዴ ተማሩ፤ ትኩር ብሎ አለማየትን። ደብዛዛ ኮከብ አፍጥጠው ሲያዩት ይጠፋል፣ ገሸሽ አድርገው ሲያዩት ብቅ ይላል። የዓይናችን መሐል በጨለማ ስለማይሠራ ነው።

የሚጠጉት ከኋላና ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ከታች ሲያዩ ጠላት ከሰማዩ ጠቆር ብሎ ይለያል፤ ከጭስ ማውጫዎቹም ደብዛዛ ነበልባል ይታያል። ከፊት ያለው አውሮፕላን የሚያናውጠው አየር የራስን አውሮፕላን ሲያንገጫግጭ መቅረብ መታወቅ ይጀምራል። እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ፍጥነት ነው። ቸኩሎ የገባ ዒላማውን አልፎት ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይላተመዋል። የዘገየ ያጣዋል። ርቀቱ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ሲደርስ አጭር ተኩስ ይከፍታል፤ የራሱ መሣሪያ ብልጭታ ያንን በግማሽ ሰዓት የለመደ ዓይን በቅጽበት ያጠፋዋል። «ቤቲ» የሚሉት የጃፓን ቦምብ ጣይ የነዳጅ ጋኖቹ ለረጅም ጊዜ መከላከያ አልነበራቸውም፤ ከተመታ እንደ ችቦ ይነዳል። አሳዳጁም ከሚበተነው ስብርባሪ ለማምለጥ መጠምዘዝ አለበት።

ጃፓኖቹም ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ከ1943 ጀምሮ ራዳር የሚያታልል ቁርጥራጭ ወረቀት ከአውሮፕላን ይበትኑ ነበር፤ ስሙም በቋንቋቸው «አታላይ ወረቀት» ማለት ነው።

ኦሄር የቀረበት ሌሊት

ይህ ሥራ ከመለመዱ በፊት አንድ ታላቅ አብራሪ ሕይወቱን ከፍሏል። ኤድዋርድ ኦሄር በፌብሩዋሪ 1942 ሌክሲንግተንን ሊመቱ የመጡ ቦምብ ጣዮችን ብቻውን በመግጠሙ ከፍተኛውን የክብር ሜዳልያ የተሸለመ ሰው ነው። በ1943 መጨረሻ ኢንተርፕራይዝ በተባለችው መርከብ ላይ የአየር ክፍሉ አዛዥ ሆኖ ሳለ ሄልካቶቹ ገና ራዳር አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ታሰበ። ራዳር ያለው አቬንጀር የተባለ ቶርፔዶ ጣይ እንደ መሪ ይሄዳል፤ ሁለት ሄልካቶች በጎንና በጎኑ ተጣብቀው ይከተሉታል፤ እርሱ ሲያገኝ እነርሱ ይተኩሳሉ።

ኖቬምበር 26 ቀን 1943 አመሻሽ ላይ ወጡ። አቬንጀሩ ራሱ ሁለት ቤቲዎችን ጣለ። ከዚያ ሦስቱ በጨለማ ውስጥ ሊገናኙ ሲሞክሩ አንድ የጃፓን አውሮፕላን መሐላቸው ገባ፤ ከአቬንጀሩ የኋላ መሣሪያ ተኩስ ተከፈተ። ኦሄር ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ወደ ታች ወረደና ጠፋ። አስከሬኑም አውሮፕላኑም አልተገኙም። የመታው የጃፓኑ ጥይት ነው ወይስ የወገን የሚለው ለዓመታት አከራክሯል። እኔ ግን ክርክሩ ራሱ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፤ ሦስት የተዋጣላቸው ሠራተኞች በቅርብ ርቀት ላይ ሆነው ማን ማንን እንደመታ መናገር አልቻሉም። የቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ በ1949 በስሙ ተሰየመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ይዞ ወደ ቺካጎ የሄደ ሁሉ የዚህን ሰው ስም በትኬቱ ላይ አንብቧል።

ቀን የምትተኛ መርከብ

ከዚያ በኋላ በየመርከቡ ጥቂት ባለ ራዳር ሄልካቶች ተመደቡ። አዛዦቹ ግን አልወደዷቸውም፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አልነበረም። አንድ አውሮፕላን በሌሊት ለማስነሳትና ለማሳረፍ በመርከቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ መንቃት አለበት። ያው ሠራተኛ ጎሕ ሲቀድ የቀኖቹን ሊያስነሳ ነው። ማረፉም ቀላል አይደለም። ጁን 20 ቀን 1944 ከሩቅ ጥቃት በጨለማ የተመለሱ የቀን አብራሪዎች፣ አዛዡ ማርክ ሚቸር የመርከቦቹን መብራት ሁሉ አስበርቶላቸው እንኳ፣ 80 ያህል አውሮፕላን ነዳጅ አልቆና ሲያርፉ ተከስክሶ ጠፍቷል።

ስለዚህ ሌሊት ብቻ የምትሠራ መርከብ አስፈለገች። የተመረጠችውም ያቺው በታራዋ የተመታችው ኢንዲፔንደንስ ናት። ሳን ፍራንሲስኮ ተጠግና በ1944 አጋማሽ ተመለሰች፤ ከኦገስት ጀምሮም በተርነር ኮልድዌል የሚመራ የሌሊት አየር ክፍል ይዛ ወጣች። ከእርሷ አብራሪዎች አንዱ ዊልያም ሄንሪ በባሕር ኃይሉ የሌሊት ተዋጊዎች መካከል ቀዳሚ ሆነ፤ መዝገቡ 9.5 ይላል፤ ሁሉም ግን በጨለማ የተገኙ አይደሉም። ግማሿ ቀልድ አይደለችም፤ ሁለት አብራሪዎች አንዱን አውሮፕላን ተጋግዘው ሲጥሉ ግዳዩ ለሁለት ይከፈላል። ባልደረባው ጃክ በርክሃይመር 7.5 ካደረሰ በኋላ በዲሴምበር 1944 በፊሊፒንስ ሉዞን ደሴት ላይ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ።

ከኋላ ያለው ድምፅ

የምድር ጦሩ አውሮፕላኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። ኖርዝሮፕ የሠራው ፒ-61፣ «ብላክ ዊዶው»፣ ከመጀመሪያው ለሌሊት ታስቦ የተነደፈ ነው። ሁለት ትላልቅ ሞተሮች፣ ሆዱ ላይ አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች፣ አፍንጫው ውስጥ ራዳር አለው። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ለጨለማ ደብዛዛው ጥቁር ይሻላል ብለው አስበው ነበር፤ ሲሞከር ግን በፍለጋ መብራት ውስጥ ደብዛዛው ጎልቶ ሲታይ የሚያብለጨልጨው ጠፋ። ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አንሸራትቶ ስለሚሰደው ነው።

ሠራተኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ነበሩ። የራዳር ባለሙያው ከኋላ በተለየ ክፍል ተቀምጦ ማሳያውን ያነባል፤ አብራሪውን አያየውም። የሚያገናኛቸው ሽቦ ነው። «ግራ፣ ጥቂት ግራ፣ ከፍ በል፣ ፍጥነት ቀንስ» የሚለው ድምፅ በአንድ ቃል ቢሳሳት ሌሊቱ በከንቱ ይቀራል። የስሚዝ የራዳር ባለሙያ ፊሊፕ ፖርተር ይባል ነበር። ሁለቱ ከ418ኛው የሌሊት ተዋጊ ስኳድሮን ጋር በፊሊፒንስ ወዳለችው ሚንዶሮ ደሴት ሄዱ። በዲሴምበር 29 ለ30 አጥቢያ 1944 በአንድ ሌሊት አራት የጃፓን አውሮፕላኖችን ጣሉ። እኔ «ጣሉ» ነው የምለው፤ ታሪኩ ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው ግን የአብራሪው ስም ነው። አገራችን አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲፎክር መንገድ መሪውን አያነሳም፤ እዚያም ያው ነው።

ብላክ ዊዶው ግን የሁሉ መድኃኒት አልነበረም። በሌይቴ ደሴት ጃፓኖች ቀላልና ፈጣን ተዋጊዎችን ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ መላክ ጀመሩ፤ ከባዱ ፒ-61 አልደረሰባቸውም። የምድር ጦሩ ጄኔራል ማክአርተር በ1944 መጨረሻ ላይ ከባሕር ኃይሉ ጋር ልውውጥ ጠየቀ። ፒ-61ዎቹ ወደ ፔሌሊዩ ደሴት ሄዱ፤ ከዚያ የማሪን (በባሕር ኃይሉ ሥር ያለው ተዋጊ ክፍል) ሄልካቶች ወደ ሌይቴ መጡ፤ በአንድ ወር ገደማም ከ20 በላይ ጣሉ። ጄኔራል የሌላውን ክፍል አውሮፕላን መለመን ምን ያህል እንደሚከብደው ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከማሪን አብራሪዎች በጨለማ ብቻ አምስት የሞላው አንድ ሰው ነው፦ ሮበርት ቤርድ። በኦኪናዋ ዘመቻ በጁንና በጁላይ 1945 ስድስት ጣለ። ራስል ራይዘረርን ደግሞ ምን እንደምንለው አላውቅም። የሌሊት ተዋጊ አብራሪ ነው፤ ነገር ግን ጁን 19 ቀን 1944 በጓም ሰማይ ላይ አምስት የጃፓን አውሮፕላኖችን በአንድ ውጊያ የጣለው በጠራራ ፀሐይ ነው። «የሌሊት ኤስ» የሚሉ ዝርዝሮች እርስ በርስ የማይገጥሙት በእንዲህ ያሉ ሰዎች ምክንያት ነው፤ አንዱ ሰውየውን ይቆጥራል፣ ሌላው ሰዓቱን።

ኢንዲፔንደንስ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በቢኪኒ ደሴት ለአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ዒላማ ሆና ቆመች፤ አልሰጠመችም። በ1951 በካሊፎርኒያ ባሕር ሆን ተብሎ አሰጠሟት። በ2015 ተመራማሪዎች የድምፅ ሞገድ ወደ ጥልቁ ልከው ከ800 ሜትር ገደማ ታች ማሚቶዋን አገኙ፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በተከታዩ ዓመት ካሜራ የያዘ ሮቦት ወረደ። በፍርስራሹ መካከል አንድ ሄልካት ነበረች።